«ሪኮመንዴሽን ዛት» ካሉ በኋላ «ሹድ» ይገባል ወይስ አይገባም?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት እሠራለሁ። ሪፖርት የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ያስገባሁት ሪፖርት ሦስት ቦታ ቀይ ቀለም አርፎበት ተመለሰልኝ። አንደኛው ‹ዘ ሪኮመንዴሽን ዛት ኤቭሪ ክሊኒክ ሹድ ኪፕ ኤ ሪኮርድ› የሚለው ነው። አለቃዬ ‹ሹድ›ን ሰረዘችው። ሌላው አራሚ ደግሞ ‹ምን አጠፋ? ይመለስ› አለ። ሁለተኛው ‹ኤ ፖሲቢሊቲ ዛት ፕራይስስ ካን ራይዝ› ነው፤ ‹ካን› ተከቦበታል። ሦስተኛው ‹ዘ ፊር ዛት ዘ ሮድ ዊል ኖት ክሎዝ› ነው፤ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርጎበታል። ከስም ቀጥሎ ‹ዛት› ሲመጣ ከነ‹ሹድ›፣ ‹ሜይ›፣ ‹ካን› እና ‹ዊል› የትኛው እንደሚከተል የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ?»

ሠንጠረዥ የለም። ለፈተና ተብለው የተዘጋጁ የስም ዝርዝሮች አሉ፤ ሸምድደው ከፈተና ያልፉባቸዋል፣ ከሪፖርት ግን አያልፉባቸውም። ምክንያቱም ረዳት ግሱን የሚጠራው «ዛት» አይደለም። የሚጠራው ከፊቱ ያለው ስም ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ትርጉሙ እንጂ እንደ ቃሉ አይደለም። አንድ ስም ዛሬ ትእዛዝ፣ ነገ ወሬ ሊሆን ይችላል። ከታች ያዩታል።

ደግሞም ሦስቱ ቀይ ምልክቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ስህተት አይደለም። ሁለተኛው ስህተት ነው፣ ግን ምን ለማለት እንደፈለጉ አንባቢው ይገባዋል። ሦስተኛው የሪፖርቱን ሐሳብ ገልብጦታል። አንባቢው ገብቶት ቢሆን ኖሮ የጥያቄ ምልክት አያደርግም ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ከስም ቀጥሎ የሚመጣው «ዛት» ሁሉ አንድ አይደለም። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ሂ ሜድ» ሲባል «እሱ ያቀረበው ሐሳብ» ማለት ነው። እዚህ ሐሳቡ ምን እንደሆነ አልተነገረንም። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ሂ ሪዛይን» ሲባል ግን «ሥራውን ይልቀቅ የሚል ሐሳብ» ነው፤ የሐሳቡ ሆድ ዕቃ ተዘርግፏል። መለያው ቀላል ነው። «ዛት»ን በ«ዊች» ይተኩት። የመጀመሪያው ይቀበላል፣ ሁለተኛው አይቀበልም። የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። በዚህኛው ከ«ዛት» በፊት ኮማ አያስገቡ። በመደበኛ ጽሑፍ «ዛት»ንም አይጣሉት፤ ሰው ሲያወራ ቢጥለውም እርስዎ ሪፖርት ላይ ያኑሩት።

አሁን ወደ «ሪኮመንዴሽን»። ይህ ስም ብቻውን አይደለም። «ዲማንድ»፣ «ሪክዌስት»፣ «ፕሮፖዛል»፣ «ኦርደር»፣ «ሪኳየርመንት» የእሱ ወገኖች ናቸው። ሁሉም ገና ያልሆነ ነገር ይሁን ይላሉ። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ጥሬውን ግስ ይፈልጋል። «ኪፕ» እንጂ «ኪፕስ» አይደለም። «ቢ» እንጂ «ኢዝ» አይደለም። «ዘ ሪኮመንዴሽን ዛት ኤቭሪ ክሊኒክ ኪፕ ኤ ሪኮርድ» ሲባል «ኤቭሪ ክሊኒክ» ነጠላ ሆኖ ሳለ ግሱ «ኤስ» አላገኘም። ተማሪ ይህን ሲያይ የትየባ ስህተት ይመስለዋል። አይደለም።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ አዲስ አይደለም። እኛም «እንዲ» እና «እንደሚ» ብለን እንለያለን። «ክሊኒኩ መዝገብ እንዲይዝ» እና «ክሊኒኩ መዝገብ እንደሚይዝ» አይቀላቀሉብንም። አንደኛው ይያዝ ነው፣ ሌላው ይይዛል ነው። የእንግሊዝኛው ጥሬ ግስ የእኛ «እንዲ» ሠፈር ነው። ሌላም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። «እንዲይዝ መከርን» እንላለን፣ «እንዲይዝ እንመክራለን» እንላለን፤ ዋናው ግስ ወደ ትናንት ሄደ ብሎ «እንዲይዝ» ንቅንቅ አይልም። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «ዜር ዎዝ ኤ ዲማንድ ዛት ሂ ሪዛይን» ይባላል። «ሪዛይንድ» ካሉ ጥያቄው ቀርቶ ሰውየው ለቋል። አሉታውም ያለ «ዱ» እና ያለ «ደዝ» ይሠራል። «ስሜ እንዳይወጣ የሚል ጥያቄ» ሲሉ «ዘ ሪክዌስት ዛት ማይ ኔም ኖት ቢ ፐብሊሽድ» ነው። «ኖት» ቀድሞ፣ «ቢ» ተከትሎ። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ያምሰዋል።

ታዲያ «ሹድ» ከየት መጣ? ከእንግሊዞች ነው። እነሱ ጥሬውን ግስ ለረጅም ጊዜ እንደ ቢሮክራሲ ቋንቋ ሲሸሹት ኖረዋል፤ በቦታው «ሹድ» ያስገባሉ። አሜሪካኖቹ ጥሬውን ይመርጣሉ። ይህ ግምት አይደለም፣ የተቆጠረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተሙ ጽሑፎችን የያዙ ሁለት ታዋቂ ስብስቦች አሉ። አንዱ የአሜሪካ፣ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተጠናቀረው ነው። ሌላው የእንግሊዝ ሲሆን በላንካስተር፣ በኦስሎ እና በበርገን ተሰናድቷል። እያንዳንዳቸው 500 ናሙና፣ እያንዳንዳቸውም አንድ ሚሊዮን ቃል ገደማ ይይዛሉ። ሲነጻጸሩ አሜሪካኑ በብዛት ጥሬ ግስ፣ እንግሊዙ በብዛት «ሹድ» ሆኖ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ በ1991 የታተሙ የእንግሊዝ ጽሑፎች በዚያው መንገድ ሲሰበሰቡ እንግሊዞቹም ወደ ጥሬው ግስ እየተመለሱ እንደሆነ ታየ። ስለዚህ አለቃዎ እና ሌላው አራሚ ሁለቱም ልክ ናቸው። የተጣሉት በሰዋስው ሳይሆን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው።

ሦስተኛ ነገር አለ። አንዳንድ እንግሊዞች በንግግር «ዘ ሪኮመንዴሽን ዛት ኤቭሪ ክሊኒክ ኪፕስ ኤ ሪኮርድ» ይላሉ። ሲሰሙት አይደንግጡ፣ ግን አይኮርጁት። አሜሪካዊ አንባቢ በቀጥታ ስህተት ይለዋል።

የ«ሹድ» እውነተኛ ችግር ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ውል ወይም መመሪያ ሲሆን ይመጣል። «ሪኳየርመንት» ብለው «ሹድ» ሲያስከትሉ የእንግሊዙ «ሹድ» ግዴታውን አያለዝብም፤ ሰዋስዋዊ ማጣበቂያ ብቻ ነው። አንባቢው ግን «ሹድ» ሲያይ «ቢሆን ጥሩ ነው» ብሎ ሊያነበው ይችላል። የኢንተርኔት መሐንዲሶች በዚህ ስለተቸገሩ እ.ኤ.አ. በ1997 አርኤፍሲ 2119 በሚባል ሰነድ ቃላቱን ደረጃ ሰጥተው ቆረጧቸው። «መስት» ፍጹም ግዴታ ሆነ። «ሹድ» ደግሞ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሊያልፈው የሚችል ሆነ። በእነሱ ሰነድ «ሪኳየርመንት» ብሎ «ሹድ» ማለት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። የእርስዎ ጨረታ ሰነድ የአርኤፍሲ ሕግ የለበትም። አቅራቢው ግን «ሹድ» ነው የሚለው ብሎ ሊከራከርዎ ይችላል። ለምን ቀዳዳ ይተዉለታል?

«ዘ ሪኳየርመንት ዛት ሰፕላየርስ መስት ሰብሚት» የሚለውስ? ብዙ ጊዜ አየዋለሁ። ግዴታን በግዴታ ላይ መደረብ ነው። ስሙ አስገድዷል፣ «መስት» ምን ይጨምራል? ያጥፉት። «ሻል» ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የግልጽ አጻጻፍ መመሪያ እንኳ «ሻል»ን ትታችሁ «መስት»ን ጻፉ ይላል። ያም ዋናው ግስ ላይ ነው እንጂ ከ«ሪኳየርመንት ዛት» በኋላ አይደለም።

አሁን ዋናው የሚያንሸራትት ቦታ። «ኢንሲስተንስ» እና «ሰጀስሽን» ሁለት ፊት አላቸው። አንዳንዴ «ይሁን» ይላሉ፣ አንዳንዴ «ነው» ይላሉ። አንድ የኦዲት ሪፖርት ላይ እንዲህ ይጻፋል እንበል። «ዘ ኦዲተርስ ኢንሲስተንስ ዛት ዘ መኒ ዎዝ ሪተርንድ።» ኦዲተሩ ገንዘቡ ተመልሷል ብሎ ሙጭጭ ብሏል ማለት ነው። አሁን አንዲት ቃል እንቀይር። «ዘ ኦዲተርስ ኢንሲስተንስ ዛት ዘ መኒ ቢ ሪተርንድ።» ኦዲተሩ ገንዘቡ ይመለስ ብሎ ወጥሮ ይዟል። በመጀመሪያው ብሩ ካዝና ውስጥ ነው። በሁለተኛው ብሩ አሁንም ሰው እጅ ነው። ልዩነቱ «ዎዝ» እና «ቢ» ብቻ ነው። ሒሳብ ክፍል ውስጥ በዚህች ልዩነት ሰው ሊጠየቅ ይችላል።

«ሰጀስሽን»ም ያው ነው። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ሺ ኢዝ ሲክ» አሟታል የሚል ፍንጭ ነው። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ሺ ሲ ኤ ዶክተር» ሐኪም ትይ የሚል ሐሳብ ነው። በአማርኛ «መታመሟን የሚጠቁም» እና «ሐኪም እንድታይ የቀረበ» ብንል አንሳሳትም።

እዚህ ላይ «ሹድ»ን የምከላከልበት አንድ ቦታ አለ። ባለቤቱ ብዙ ቁጥር ሲሆን ጥሬው ግስ እና ተራው የአሁን ጊዜ ግስ መልካቸው አንድ ነው። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ክሊኒክስ ኪፕ ሪኮርድስ» ሲሉ ክሊኒኮች መዝገብ ይይዛሉ የሚል አባባል ነው ወይስ ይያዙ የሚል ሐሳብ? ከቃሉ አይታወቅም። እንዲህ ስሙ ባለ ሁለት ፊት፣ ባለቤቱም ብዙ ቁጥር ሲሆን «ሹድ» ያስገቡ። አሜሪካዊ አንባቢም አይቆጣም። ወይም ስሙን ወደ «ፕሮፖዛል» ይቀይሩት፤ «ፕሮፖዛል» በዚህ ቦታ እንደዚያ አይወላውልም።

ወደ «ካን» እንሂድ። ይህ ስህተት የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን፣ አሁንም የምንሠራው ነው። ጥፋቱ የ«ይችላል» ነው። በአማርኛ «ይችላል» ሁሉንም ይሸከማል። «መኪና መንዳት ይችላል» ችሎታ ነው። «መግባት ይችላል» ፈቃድ ነው። «ሊዘንብ ይችላል» ግምት ነው። እንግሊዝኛ ግን የመጨረሻውን ለ«ካን» አይሰጥም። ስለ ነገ፣ ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ሲገምቱ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ኩድ» ወይም «ዊል» ነው። ስለዚህ «ኤ ፖሲቢሊቲ ዛት ፕራይስስ ሜይ ራይዝ» ይበሉ። «ኩድ ራይዝ»ም ይሆናል፣ «ዊል ራይዝ»ም ይሆናል። «ካን» ብቻ አይሆንም።

«ግን ‹ፕራይስስ ካን ራይዝ ኢን ዘ ሬይኒ ሲዝን› የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤያለሁ» ይሉኝ ይሆናል። ትክክል ነው። እዚያ «ካን» የሚናገረው ስለ ጠቅላላ ባሕርይ ነው፤ ክረምት ላይ ዋጋ መጨመር ያለ ነገር ነው ማለት ነው። ስለ ዘንድሮው ክረምት መተንበይ አይደለም። «ፖሲቢሊቲ ዛት» ሲሉ ግን የሚተነብዩት ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ነው፣ ስለዚህ ይጋጫሉ።

«ካን» ከ«ፖሲቢሊቲ ዛት» በኋላ ልክ የሚሆነው ችሎታን ሲናገር ብቻ ነው። «ኤ ፖሲቢሊቲ ዛት ዘ ክሊኒክ ካን ኦፕን ኦን ሳተርደይ» ማለት ክሊኒኩ ቅዳሜ ለመክፈት አቅሙ ይኖረው ይሆናል ማለት ነው። ፈተናው እንዲህ ነው። «ካን»ን በ«ኢዝ ኤብል ቱ» ወይም በ«አር ኤብል ቱ» ይተኩት። ክሊኒክ መክፈት የሚያስችል አቅም ሊኖረው ይችላል፣ ያልፋል። ዋጋ ግን ለመጨመር ችሎታ አያስፈልገውም። ወድቋል።

ያለፈ ነገር ከሆነ ደግሞ «ሜይ ሃቭ» ይመጣል። «ሄዶ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት» ሲባል «ዘ ፖሲቢሊቲ ዛት ሂ ሜይ ሃቭ ሌፍት» ነው። «ካን ሃቭ» እዚህ አይሠራም። «ሜይ ሃድ» የሚባል ነገር ደግሞ የለም።

«ፖሲቢሊቲ» ብሎ «ሜይ» ማለት ድግግሞሽ አይሆንም ወይ? ትንሽ ነው። እንግሊዞቹ ይታገሡታል፤ ስሙ እና ረዳት ግሱ አንድ ዜማ ስለሚያዜሙ ጆሮ አያቆስልም። የማይታገሡት ሲደራረብ ነው። «ሰም ኤቪደንስ ሰጀስትስ ዘ ፖሲቢሊቲ ዛት ኢት ማይት ፐርሃፕስ» ዓይነት። በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ «ምናልባት»! ጥንቃቄ ሳይሆን ፍርሃት ይመስላል። አንድ ጊዜ ይጠራጠሩ፣ ይበቃል። ቁጥር ሲኖር ደግሞ «ሜይ»ን ጨርሶ ይተዉት። «ኤ 30 ፐርሰንት ቻንስ ዛት ኢት ዊል ሬይን» ይባላል። ጥርጣሬውን 30 በመቶው ተሸክሞታል። «ሜይ ሬይን» ካሉ ለመዝነብ የመቻል ዕድሉ 30 በመቶ ነው እንደ ማለት ነው፤ የአየር ትንበያ ባለሙያ ራሱ አይፈታውም።

አሁን ሦስተኛው። «ዘ ፊር ዛት ዘ ሮድ ዊል ኖት ክሎዝ።» ምን ለማለት እንደፈለጉ ለእኔ ግልጽ ነው። «ክረምቱ ሲገባ መንገዱ እንዳይዘጋ የሚል ስጋት።» አማርኛው አንድ እንከን የለውም። እኛ ስንፈራ እና ስንሰጋ «እንዳይ» እንላለን። «ልጁ እንዳይወድቅ ፈራሁ።» የፈራሁት መውደቁን ነው፤ «እንዳይ» የምመኘውን ያሳያል። እንግሊዝኛ ግን ከ«ፊር» በኋላ የሚያስቀምጠው የሚፈራውን ነገር ራሱን ነው። ስለዚህ የእርስዎ እንግሊዝኛ የሚለው «መንገዱ ሳይዘጋ ይቀራል ብለን ፈርተናል» ነው። ለጋሹ ድርጅት እነዚህ ሰዎች መንገዱ ቢዘጋ ደስ ይላቸዋል እንዴ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «ኖት»ን ያውጡ። «ዘ ፊር ዛት ዘ ሮድ ዊል ክሎዝ» ወይም ለዘብ ሲል «ሜይ ክሎዝ» ይሁን። ይህ ለ«ኮንሰርን»፣ ለ«ሪስክ» እና ለ«ዴንጀር»ም ይሠራል። ከእነዚህ ቃላት በኋላ «ኖት» በጻፉ ቁጥር ቆም ብለው የምሰጋው መሆኑን ነው ወይስ አለመሆኑን ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ሁሌም ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። «የእርዳታ እህሉ አይደርስም የሚል ስጋት» ሲኖርዎ «ዊል ኖት አራይቭ» ትክክል ነው።

ያልጠየቁኝ፣ ግን ሪፖርትዎ ውስጥ ሊኖር የሚችል ወንድሙ አለ። «ጥርጣሬ» የምንለው ቃል ሁለት አቅጣጫ አለው። «ሰርቋል የሚል ጥርጣሬ» ሲባል ሰርቋል ወደ ማለት ያደላል። ይህ በእንግሊዝኛ «ሰስፒሽን» ነው፤ «ዘ ሰስፒሽን ዛት ሂ ሜይ ሃቭ ስቶለን»። «ዳውት» ካሉ ግን ወደ ሌላው ወገን ዞሩ፤ «መስረቁን አላምንም» ይሆናል። አንድን ሰው ልትከሱ አስባችሁ በእንግሊዝኛ ነጻ ታወጡታላችሁ። የዲሲፕሊን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ይህችን ይያዛት።

እስካሁን ያየናቸው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ «ይሁን» የሚሉት እና ግምት ወይም ስጋት የሚናገሩት። ስለ ሦስተኛው ወገን ብዙ የምለው የለም። «ፋክት»፣ «ኖውሌጅ»፣ «ዲስከቨሪ» ያሉት ስሞች ከረዳት ግሱ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ከእነሱ በኋላ የሚመጣ ረዳት ግስ የራሱን ሙሉ ትርጉም ይዞ ይቆማል። «ዘ ፋክት ዛት ሺ መስት ወርክ አት ናይት» ሲባል «መስት» እውነተኛ ግዴታ ነው፤ ማታ መሥራት አለባት። ስለዚህ የሚሉት ነገር ከሌለ ረዳት ግስ አያስገቡ።

ተስፋ እና ቃል ኪዳን «ዊል»ን ይወዳሉ። የሚታየው ችግር ጊዜ ላይ ነው። ቃሉ የተገባው አምና ከሆነ እና ዓረፍተ ነገሩ በኃላፊ ጊዜ ከተጻፈ «ዊል» ወደ «ዉድ» ይወርዳል። «ዜር ዎዝ ኤ ፕሮሚስ ዛት ዘ ብሪጅ ዉድ ቢ ፊኒሽድ።» «ሜይ» ወደ «ማይት»፣ «ካን» ወደ «ኩድ» ይሄዳሉ። «ሹድ» ባለበት ይቆያል። ነገሩ እስካሁን የሚጠበቅ ከሆነ «ዊል»ን ቢተዉት ስህተት አይሆንም። ድልድዩ ሳያልቅ ቀርቶ ከሆነ ግን «ዊል» ካሉ አሁንም ተስፋ አለ ብለዋል፤ ይህን ማለት መፈለግዎን ያረጋግጡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምታዘበው ግን ረዳት ግሱ ሳይሆን «ዛት» ራሱ ቦታው ያልሆነበትን ነው። «ዘ ኦፖርቹኒቲ ዛት ዘይ ካን ለርን» የሚል ነገር በየሪፖርቱ አለ። «ለመማር የሚችሉበት ዕድል» የሚለውን ቃል በቃል ማሻገር ነው። «ኦፖርቹኒቲ» በዚህ ቦታ የሚፈልገው «ቱ» ነው። «ዘ ኦፖርቹኒቲ ቱ ለርን» ብለው ይገላገሉ። «አቢሊቲ»፣ «ፐርሚሽን»፣ «ራይት» እና «ኤፈርት»ም እንዲሁ ናቸው። «አቢሊቲ ዛት ሂ ካን» ማለት ችሎታን በችሎታ መደረብ ነው። «ኢምፖርታንስ ዛት» የሚባል የለም፤ «ኢምፖርታንስ ኦፍ» ነው። «ቻንስ» ላይ ይጠንቀቁ፣ ሁለቱንም ይወስዳል፣ ግን ትርጉሙ ይለያያል። «ኤ ቻንስ ቱ ስፒክ» የመናገር ዕድል ማግኘት ነው። «ኤ ቻንስ ዛት ሺ ዊል ስፒክ» ትናገር ይሆናል ማለት ነው።

«እንዲ»ን እንደ መለያ ይጠቀሙ ብያለሁ፤ ገደቡንም ልንገርዎ። «እንዲማር ላከው» ስንል ያው «እንዲ» ዓላማን ያሳያል። ይህ ከስም በኋላ ከሚመጣው «ዛት» ጋር አይገናኝም። እንግሊዝኛው «ቱ ለርን» ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ይዩ። ትእዛዝ፣ ጥያቄ ወይም ምክር ከሆነ እና አማርኛው «እንዲ» ካለ ጥሬ ግስ ይጻፉ። ዕድል፣ መብት ወይም ጥረት ከሆነ «ቱ» ይበቃል። ስሙ ስጋት ሆኖ አማርኛው «እንዳይ» ካለ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት አሉታው በእንግሊዝኛ ይጠፋል።

ምክሬ ይህ ነው። ከሪኮመንዴሽን ወገን በኋላ ያለ «ሹድ» ጥሬ ግስ ይጻፉ፣ በሁሉም ሪፖርት ላይ አንድ ወጥ ይሁን። የድርጅትዎ የአጻጻፍ መመሪያ የእንግሊዙን ከመረጠ ግን «ሹድ»ን ይያዙ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አይቀላቅሉ። ከተቻለ ደግሞ ስሙን ራሱን ይበትኑት። «ዘ ሪኮመንዴሽን ኢዝ ሜድ ዛት» ብሎ ከመዞር «ዊ ሪኮመንድ ዛት ኤቭሪ ክሊኒክ ኪፕ ኤ ሪኮርድ» ይበሉ። ማን እንደመከረ ይታወቃል፣ ዓረፍተ ነገሩም ያጥራል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት እንዲህ ያሉ ስሞች ከተደረደሩ አንዱን ወደ ግስ ሳይመልሱ አይላኩት።

የመጨረሻ ጥንቃቄ። አንዳንድ የኮምፒውተር አራሚዎች «ኤቭሪ ክሊኒክ ኪፕ» የሚለውን ሲያዩ ከስሩ መስመር አስምረው «ኪፕስ» ይሉዎታል። እሺ አይበሏቸው። በተቃራኒው «ፖሲቢሊቲ ዛት ፕራይስስ ካን ራይዝ» የሚለውን ዝም ብለው ሊያሳልፉት ይችላሉ፤ «ፊር ዛት ዘ ሮድ ዊል ኖት ክሎዝ» የሚለው ደግሞ በሰዋስው በኩል ምንም ስለማይጎድለው አይነኩትም። ሪፖርቱን ከመላክዎ በፊት «ዛት» የሚለውን ቃል በፍለጋ አውጥተው ከእያንዳንዱ ፊት ያለውን ስም አንድ በአንድ ይዩ።